ባራኪ የሌለው ሥጋ

ዘይነባ ክርስቲያን አታልላ የእስላም ሥጋ አላበላችም። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። ሰፈሩ አብልታለች ብሎ ፈረደባት፣ የቀብር ማኅበራችን ቅሬ እሳቷን አስጠፋባት፣ እሷም በዚሁ ጦስ ወደ ዓረብ አገር ተመልሳ በሰው ቤት ሞተች። ሞቷን የሰማነው በስልክ ነው። አብራት የነበረች አንዲት የከላላ አገር ልጅ ደውላ «አሟት ነበር፤ ሦስት ቀን ተኝታ አረፈች፤ እዚያው ቀበሯት» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የምናውቀው የለም። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደሰገደባት፣ አፈሩ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም በማታ እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቻለሁ። ፊደል እሳሳት ይሆናል፣ ነገሩን ግን አልሳሳትም። ጥፋቱ ከማን አፍ እንደወጣም አልደብቅም። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ዘይነባ መካነ ሰላም የመጣችው ከዓረብ አገር በተመለሰች በሁለተኛው ወር ነው፤ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍሌን ልትከራይ። ከዚያ የሚመለሱትን ልጆች እናውቃቸዋለን፤ ሽቷቸው ከሩቅ ይጣራል፣ ሻንጣቸው ለሁለት ሰው ይከብዳል። ይቺ ግን ቀጭን፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ፣ የግራ እጇ አመልካች ጣት ላይ ትልቅ የቢላ ጠባሳ ያለባት ሴት ናት። ክፍሉን እንኳ በቅጡ ሳታይ ጓሮውን ትዞረው ጀመር።

«እትዬ ጥሩዬ፣ እዚህ ጋ እሳት ባነድ ይከፋዎታል?»

«ቤቴን ካላቃጠልሽው ምን ይከፋኛል?»

«ቤቱን አላቃጥልም። የማቃጥለው ዓሣ ነው።»

ቀልድ መሰለኝ። ዓሣ በእኛ ደጋ ማን አይቶት! አባይ ወርዶ የሚያጠምድ ቆለኛ ይበላዋል ሲባል ከመስማት በቀር፣ እኔ በልቼውም አላውቅ። እሷ ግን ከዚያው ከቆላ ሰዎች ጋር ተዋውላ ኖሯል። በገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በበቅሎ አመጡላት። ከብረት ሠሪው ዘንድ በርሜል ለሁለት አስገምሳ፣ አንዱን ግማሽ ከታች፣ አንዱን እንደ ክዳን ከላይ አደረገች። እሳቱን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ሰጠችው።

እኔና ከድጃ ዱካ ላይ ተቀምጠን እናያለን። ከድጃ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ቤቷ ከእኔ ቤት በአንድ አጥር ይለያል። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ከጡት ጀምሮ አብረን ያደግን ነን፣ ስንወልድ አንዳችን አንዳችንን አዋልደናል፣ ሐዘናችንን አብረን ተቀምጠናል። ሥጋ ግን አንድ ቀን ከአንድ ሰሃን በልተን አናውቅም። አገሩ እንደዚያ ነው። ሠርግ ሲሆን ሁለት ሰንጋ ይወድቃል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ቅልውጥ የመጣ ሰው እንኳ «የየትኛው ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚቀመጠው።

ዘይነባ ትርንጎ ጨምቃ ከማር ጋር በትንሽ ብረት ድስት ጣደችው። የእንኮይ ወቅት ሲሆን እንኮይ ትጨምርበታለች፤ ያኔ ኮምጠጥ ማለቱ ይብሳል። ሲፈላ አረፋውን ትገፋለች፣ ማንኪያውን ነክራ ታወጣና በጀርባው ላይ ጣቷን ታሳልፋለች። ጣቷ ያለፈበት መንገድ ተመልሶ ከተዘጋ አልደረሰም፤ ሳይዘጋ ከቆመ ደርሷል።

«ማር ለዓሣ?» አልኳት። «ማርማ ለጠጅ ነው።»

«ለብርዝ ነው እንጂ!» አለች ከድጃ።

«ዛሬ ለሳልሞን ነው» አለች ዘይነባ።

ከድጃ ደንገጥ ብላ አየቻት። «ሰለሞን ማነው? ባል አገባሽ እንዴ?»

ዘይነባ እስኪያስላት ሳቀች። ስትስቅ አፏን በክንዷ ነው የምትሸፍነው፤ እጇ ሁልጊዜ ሊጥ ወይም ቅባት አያጣውም። እዚያ የነበረችበት ቤት እመቤት ሳልሞን የሚባል ዓሣ እንደሚወዱ፣ ከባሕር ማዶ በበረዶ እንደሚመጣላቸው፣ ሥጋው ቀይ እንደሆነ ነገረችን። በሮማን ጭማቂና በብርቱካን እየቀባች ትጋግርላቸው ነበር።

«ዓሣ ቀይ?» አለች ከድጃ። «ቅጥፈትሽን እዚያው ብትተይው ምን ነበር?»

«ወላሂ ቀይ ነው፣ እማ ከድጃ! እንደ ካሮት።»

«አንቺስ ስትበይው ይጥምሻል?» አልኳት እኔ።

ክዳኑ ላይ ያለውን ፍም አስተካከለች። «እኔ እንጃ። ስምንት ዓመት ጋገርኩት፤ ቁጭ ብዬ ግን በልቼው አላውቅም። የሚቀባውን ብቻ በጣቴ እቀምስ ነበር። ማቀዝቀዣው ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ደግሞ እመቤቷ አንገት ላይ ነው።»

መቀባት ላይ ችኮላ አትወድም። ዓሣው እስኪበስል ደረቁን ትተወዋለች፤ «ከመጀመሪያ ከተቀባ ማሩ ያርና ይመርራል» ትላለች። ሊደርስ ሲል ነው ክዳኑን አንሥታ የምትቀባው፤ ትደፍነዋለች፣ ደግማ ትቀባለች፣ ሦስተኛ ትቀባለች። ሲወጣ ቆዳው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቅ ነበር።

ሰሃኑን በእኔና በከድጃ መካከል አኖረችው። እጃችንን ሰብስበን ተያየን። ያ የለመድነው ነገር ነው፤ ሥጋ ሲመጣ አንዳችን እንነሣለን።

«ምን ሆናችኋል?» አለች ዘይነባ። «ማን አርዶታል ልትሉ ነው? ከውኃ ሲወጣ ነው የሞተው። ዓሣ ባራኪ የለውም። የማንም ሥጋ አይደለም፣ የሁሉም ነው።»

ከድጃ ቆረሰችና፣ እሾሁን በጣቷ ለቅማ፣ ወደ አፌ አመጣችው። «ያዢ» አለችኝ፤ «ስትሸብቺ ሥጋ አጎረስኩሽ።» ጎረስኩ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ወዲያው ምላሴን ቆነጠጠኝ። እኔም አጎረስኳት። ሁለት አሮጊቶች ዓይናችን እንባ አቀረረ፤ ከድጃ «ጭሱ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስሙ በከተማው ሰለሞን ሆኖ ቀረ። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሹፌር ሳይቀር «ሰለሞን ደርሷል?» እያለ ይመጣል። እስላሙ ደግሞ «ሱለይማን» ይለዋል። በር ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ «ሰለሞን ወይም ሱለይማን ዓሣ ቤት» የሚል ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጾም ለእኛ አትሸጥም። «አንዱ ቄስ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል፤ እኔ መካከላቸው አልገባም» ብላ ለክርስቲያኑ ሽሮ ትሠራለች። እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ነበረች። ይህም ይጻፍ።

ይህን ሁሉ የምትለፋው ለአንድ ነገር ነው። ልጇን ሐያትን ጡት ሳታስጥል ነበር ለእናቷ ትታ የሄደችው። ስትመለስ ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ «አክስቴ» ብላ ጠራቻት። ዘይነባ አላረመቻትም። ልጅቱን ከአያቷ ቤት አምጥታ እዚያችው ክፍል አስገባቻት፣ ትምህርት ቤት አስመዘገበቻት፣ ጠበቀች። «በቃል አይሆንም፣ እትዬ» አለችኝ አንድ ቀን። «ስታየኝ ስትውል ታውቀኛለች። እዚህ በእሳቴ ካደርኩ ልጄን አገኛታለሁ። እሳቴ ከጠፋ የምሄድበት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያንን መንገድ ደግሞ አውቀዋለሁ።»

በሰባተኛው ወር ይመስለኛል፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትገባ «እማ፣ እርቦኛል» አለች። ዘይነባ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞር አለች። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «ሰሙ?» አለችኝ ብቻ።

በዚያው ሰሞን ቅሬው የዓመቱን ስብሰባ አደረገ። ቅሬያችን ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብር አብረን እንቆፍራለን፣ ድንኳን አብረን እንተክላለን። ዳኛው አያ እሸቴ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ድቁና የቀመሱ፣ ነገር የሚያውቁ፣ እስላሙም የሚያከብራቸው ሰው። ዘንድሮ ሁለት ድስት ይቅር፣ ዘይነባ ትጋግርልን ያሉ እሳቸው ናቸው። ጋገረች። ክርስቲያኑና እስላሙ ከአንድ ገበታ በላ። አያ እሸቴ ራሳቸው አጠገባቸው የተቀመጡትን ሼህ አጎረሱ፤ ሰው አጨበጨበ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ደረስኩ።

በስብሰባው ዕለት ጠዋት፣ ዘይነባ ዓሣውን ስታዘጋጅ አጠገቧ ነበርኩ። ቢላውን አንሥታ የዓሣውን ራስ ከመቁረጧ በፊት «ቢስሚላሂ» አለች። ሳቄ መጣ።

«ዘይነባ፣ ከትናንት ጀምሮ ለሞተ ዓሣ?»

«ለዓሣው አይደለም፣ ለእጄ ነው» አለችና ጠባሳውን አሳየችኝ። «እዚያ ሲያጣድፉኝ ረስቼ ቆርጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርትም ስከትፍ እላለሁ።»

ነገሩ በዚያ ባለቀ። እኔ ግን ከስብሰባው ማግስት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ሴቶቹ ስለ ዓሣው ሲያወሩ፣ ላስቃቸው ብዬ ተነሣሁ። እንደ ቢላ ጣቴን ቀስሬ፣ ዓይኔን ወደ ላይ አንጋጥጬ «ቢስሚላሂ!» አልኩና «ዘይነባ ሰለሞንን ባረከችው!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። አንዲት ሴት አልሳቀችም። አየኋት፤ ሆድ ብሷት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ባረከ ማለት በእኛ አፍ ሁለት ነው። መረቀም ይሆናል፣ አረደም ይሆናል። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄው ነበር። ለዚያ ነው ያሳቀው።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሌላ ልብስ ለበሰ። «ዘይነባ በኢስላም ባርካ ነው ያበላችን።» «ዓሣ እያለች እምነታችንን አስካደችን።» በስብሰባው የበላ ክርስቲያን ሁሉ ፊቱ ጠቆረ። አንዱ ንስሐ ገባሁ አለ፣ አንዱ ሚስቴ ከመኝታ ለየችኝ አለ። እስላሙም «ጠብ ካለበት ቤት አንበላም» ብሎ ቀረ። በአሥር ቀን ዓሣ ቤቱ ጭር አለ።

ወፍጮ ቤት ያልሳቀችውን ሴት ቤቷ ድረስ ሄድኩባት።

«አንቺ ሴት፣ ያልሆነውን ለምን ታወሪያለሽ?»

«እኔ የነገርሽኝን ነው የተናገርኩት። ባረከችው አላልሽም?»

«ብያለሁ፣ ግን—»

«ታዲያ እኔ ምን ጨመርኩ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ቅሬው ተሰበሰበ። ዘይነባ ከሴቶቹ ጀርባ ቆማለች፣ ሐያት ቀሚሷን ይዛለች። ተነሥቼ ተናገርኩ። «ወሬው የወጣው ከእኔ ነው። ላስቅ ብዬ ነው። ቅጣት ካለ እኔን ቅጡኝ። ዓሣ ዕርድ አለው ወይስ የለውም? አያ እሸቴ፣ አንቱ ያውቃሉ፤ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ይበሉልን።»

አንዱ ከኋላ «እሷ ምን ታድርግ፣ የቤት ኪራይ ቀርቶባት ነው» አለ። ሳቁብኝ።

አያ እሸቴ ከዘራቸውን አገላበጡ። ሰዉን ግራና ቀኝ አዩት። «ነገሩ ይጠናል» አሉ። «እስከዚያው ለጊዜው እሳቱ ይጥፋ።»

ለጊዜው! ያችን ቃል ይዤ ስንት ጊዜ ደጃቸው ተመላለስኩ። «አያ፣ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?» ስላቸው አንዴ «አዝመራ ይግባ» ይላሉ፣ አንዴ «ሁዳዴ ይለፍ» ይላሉ። እኔና ከድጃ ደግሞ በገበያ ቀን ዱካችንን መንገድ ዳር አወጣን። ዘይነባ «ይቅርባችሁ» እያለች፣ በእኔ ምድጃ የበሰለውን ዓሣ በሰሃን መካከላችን አስቀመጥን፣ ሰው እያየን ተጎራረስን። «ኑ ብሉ!» እያልኩ ጮህኩ። «ባራኪ ካገኛችሁበት እኔን እረዱኝ!» የማውቃቸው ሰዎች መንገድ ቀየሩ። አንዲት ሴት እፊቴ ምራቋን ተፋች፤ ክርስትና ያነሣሁላት ልጅ እናት ናት። ከድጃ እጄን ያዘችኝ። «ብይ» አለችኝ፤ «ዝም ብለሽ ብይ።»

ቆለኞቹ ዓሣ ማምጣት ተዉ። ዘይነባ እንጀራ ልትሸጥ ሞከረች፣ ከእጇ የሚገዛ ጠፋ። ልብስ ልታጥብ ሄደች፣ «ወሬው ይብረድ» አሏት። ሐያትን ትምህርት ቤት ልጆች «የሰለሞን ልጅ፣ የሱለይማን ልጅ» እያሉ አባረሯት፤ መሄድ እምቢ አለች። አንድ ቀን ከሰዓት ዘይነባ በርሜሏን አጥባ፣ ገልብጣ ለፀሐይ ስታሰጣው አየሁና ገባኝ። ወደ ዓረብ አገር ሴት የሚልከው ደላላ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር።

«ልትሄጂ ነው?»

«ነገ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ፤ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ አስቆመችኝ። «ኧረ በአላህ፣ አንቱ! እናቴን የሚያክሉ ሰው!»

«ወሬው የእኔ ነው፣ ዘይነባ።»

«አውቃለሁ። ከቅሬውም በፊት አውቅ ነበር። ወፍጮ ቤት ከነበሩት አንዷ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ አላልሽኝ?»

«ምን ልበል? አንቱ ባይሉት ሌላ ሰው ይለው ነበር።» የበርሜሉን ጠርዝ በመሐረቧ ጠረገች። «ግን ሌላ ሰው ቢለው ይሻለኝ ነበር።»

ያንን ቃል ይዤ እኖራለሁ። ስድብ ቢሆን እመልሰው ነበር።

በማግሥቱ ሐያትን ወደ አያቷ ወሰደቻትና ከዚያው ሄደች። ልጅቱ መኪናውን ተከትላ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም፤ አንዴ የተለማመደችው ነገር ነው። ዘይነባ ከዚያ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። በሁለቱም ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «አያ እሸቴ ተናገሩ?» አልተናገሩም አልኳት። «ከተናገሩ ይደውሉልኝ፣ የዚያኑ ቀን እመለሳለሁ» አለች። በሦስተኛው የደወለችው የከላላዋ ልጅ ናት።

ለቅሶውን እኔ ግቢ ተቀመጥን። ቅሬው ድንኳን ተከለ፤ ለሞተ ሰው እሳት አይከለከልም። ከድጃ ዱካዋን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አያ እሸቴ ቤት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። «ማነሽ?» አሉኝ።

«ጥሩዬ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ መጣሁ። ዛሬ የሚሰማን ሰው የለም። ዓሣ ዕርድ አለው?»

«የለውም» አሉ።

«ዘይነባ ጥፋት ነበረባት?»

«አልነበረባትም።»

«ይህን መቼ አወቁ?»

«ያኔም አውቅ ነበር። ስበላውም አውቅ ነበር።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አያ? አንድ ቃል እኮ ነበር! ለምን ዝም አሉ?»

ከዘራቸውን ዳበሱ። ያፈሩም አልመሰለኝም፤ ደጋግመው አስበው ያበቁት ነገር ነበር።

«ሰው ተቆጥቶ ነበር፣ ጥሩዬ» አሉኝ። «ለእሷ ብፈርድ ግማሹ ይወጣ ነበር፤ ክርስቲያኑ ለብቻው፣ እስላሙ ለብቻው መቅበር ይጀምር ነበር። ቅሬው ከሚቀር አንዲት ሴት ትቅር ብዬ ነው።»